መርከቡ ዋስ ይጥራ

እኛ አገር ያለ ዋስ የሚገኝ ነገር ቢኖር ጉንፋን ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ዋስ ይፈልጋል። ቤት ልከራይ ብትሉ «የሚያውቅህ ሰው አለ?» ትባላላችሁ። ዘበኛ ልቀጠር ያለ ተያዥ አምጣ ይባላል። የቤት ሠራተኛ ያመጣላችሁ ደላላ ለልጅቷ ዋስ ሲሆን፣ ለደላላው ደግሞ ሌላ ዋስ ይፈለግለታል። በሬ ሊጠይቅ የመጣ ጎረቤት እንኳ፣ እየሳቀም ቢሆን፣ አንድ ሽማግሌ ከኋላው አስከትሎ ነው የሚመጣው። ፈረንጆች ሰውን በወረቀት ያምናሉ ይባላል። እኛም ወረቀት አንጠላም፤ ነገር ግን ወረቀቱን የሰጠን ሰው የማን ልጅ እንደሆነ እስክናውቅ ድረስ ልባችን አያርፍም።

ይህን የምለው ሕዝቤን ለማማት አይደለም። ትንሽ ላማው ብዬ ብጀምርም ነገሩን ሳስበው እውነት አለው። ዋስ ማለት ነገር ሲበላሽ በሩ የሚንኳኳ ሰው ማለት ነው። ሌላ ፍልስፍና የለውም። ጎንደር ተወልጄ፣ ጎንደር እንግሊዝኛ ሳስተምር ፀጉሬ ሸብቶ፣ ያላየሁት የዋስ ዓይነት ያለ አይመስለኝም ነበር። መርከብ ዋስ ጥራ ሲባል ግን ያየሁት ገና አሁን ነው።

ጉዱን ያመጣችው የእህቴ ልጅ ሰናይት ናት። ሰናይት ጂኦሎጂ የሚባለውን ትምህርት ተምራ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተማሪ ሆናለች። እናቷ ግን ለጎረቤት ስታወራ «ልጄ ድንጋይ ተማረች» ነው የምትለው። ጎረቤቶቿም በሐዘኔታ «ምነው፣ ሕክምናው ሞልቶ ነው?» ይሏታል። ይህች ከጣና የሰፋ ውሃ አይታ የማታውቅ የደጋ ልጅ፣ አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ፊቷ እንደ ጥምቀት ማለዳ በርቶ፣ የሜዲትራኒያንን ባሕር ወለል ሊመረምር በሚሄድ የተመራማሪዎች መርከብ ላይ ቦታ ማግኘቷን ነገረችን። መርከቡ ከጣሊያን ወደብ ይነሣል። ባሕሩ መካከል ይቆምና ረጅም ቱቦ ወደ ታች ይሰድዳል። ቱቦው ወለሉን ወግቶ፣ መቅኔ ከአጥንት እንደሚሳብ፣ የባሕሩን ጭቃ ስቦ ያወጣል። ጭቃው ደግሞ ድርብርብ ነው፤ እያንዳንዱ ድርብ የዘመኑን ዝናብና ድርቅ ይናገራል። እኔ አፌን ከፍቼ ሰማሁ።

እታለም እንጉዳይ ግን አፏን አልከፈተችም። እታለም እንጉዳይ የሰናይት እናት፣ የእኔ ታላቅ እህት ናት፤ ታላቄ መሆኗን ረስታ ያደረችበት ቀን ግን የለም። ምስር እየለቀመች ነበርና ሰፌዱን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ጭቃ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ እማ፣ ጭቃ።»

«ጭቃ ከሆነ ወለቃ ምን አነሰሽ? መንገድ ዳር ነው። በባጃጅ ደርሰሽ ለምሳ ትመለሻለሽ።»

ሰናይት የወለቃ ሸክላ ሠሪዎች ጭቃና የባሕር ወለል ጭቃ ምን እንደሚለያያቸው በትዕግሥት አስረዳች። እህቴም በትዕግሥት ሰማች። ስትጨርስ «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» አለችና ወደ ምስሯ ተመለሰች። ሰናይት እኔን አየችኝ። እኔ ምስሩን አየሁ።

እንግዲህ እናንተ አሁን፣ እናትየው ልትከለክላት ነው ብላችሁ ጠርጥራችኋል። እኔም እንደዚያው ጠርጥሬ ነበር። ስለ ሴቶች ትምህርት፣ ስለ ዘመኑ መለወጥ የምናገረውን ሁሉ ሳሰናዳ ነው ያደርኩት። በማግስቱ ቸቸላ ሰፈር እቤቷ ሄጄ ገና ጉሮሮዬን ስጠርግ እህቴ ቀደመችኝ።

«ፈንታ፣ አንተ ትናንት የመጣ ሰው፣ ልትመክረኝ ነው? እኔ ልጄን አልከለክልም። ትሂድ። የሚወስዳት ሰው ግን ዋስ ይጥራ።»

«ማነው የሚወስዳት?»

«እኔ ምን አውቄ። የመርከቡ ጌታ ነዋ።»

ሳቄን ዋጥ አድርጌ «እታለም፣ እዚያ እንዲህ ያለ ነገር የለም» አልኳት። «ዋስ በሌለበት አገር ምርቃትም የለም» አለችኝ። ነገሩ እዚህ ላይ ታሰረ። ምክንያቱም ሰናይት፣ ይህቺ ድንጋዩን በመዶሻ ፈልጣ ዕድሜውን የምትናገር ምሁር፣ ሳትመረቅ ከደጃፉ ንቅንቅ የማትል ልጅ ናት። ለፈተና ስትሄድ ተመርቃ ነው፣ ለሥራ ስትቀጠር ተመርቃ ነው። እናቷ ፊቷን ካዞረች መርከቡ ወርቅ ቢሆን አትሳፈርም። መርከበኞቹ ደግሞ እስከ ዓርብ ቁርጥሽን ካላሳወቅሽን ቦታውን ለሌላ እንሰጣለን ብለዋታል። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር።

እዚህ ላይ ቀልዱን ጥቂት ላቁምና አንድ ነገር ልንገራችሁ። የሰናይት አባት፣ ልጅቷ ገና ድክ ድክ ስትል፣ በየዓመቱ ከደጋ ወደ ቆላ ከሚወርደው ሕዝብ ጋር ለሰሊጥ አጨዳ ወረደ። አንድ የጭነት ማኪና መጥቶ ጫናቸው። የማን ማኪና እንደሆነ፣ ወደ ማን እርሻ እንደሚሄድ የጠየቀ የለም። ከወራት በኋላ የእንፍራንዝ ሰው የሆነ የሥራ ጓደኛው «ወባ ይዞት ነበር፣ እኔ ወደ ሌላ እርሻ ስዛወር ትቼው ሄድኩ፣ ኋላም ሞተ ሲሉ ሰማሁ» ብሎ ነገራት። እህቴ ያኔ መተማ ድረስ ወርዳ የጠየቀችው ሁሉ «አላውቅም» ሲላት ተመለሰች። ቆላ ሰው ይገድላል፤ ይህንን ታውቃለች። ያንገበገባት የሚንኳኳ በር ማጣቷ ነው። ስለዚህ ዋስ ስትል እየቀለደች አልነበረም። እኔ ወንድሟ፣ ቋንቋ አስተማሪው፣ ይህንን ለመረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ሰናይት ግን ወዲያው ነው የገባት። «አፈር ስሆን እማ፣ ሰው ይስቅብኛል» ብላ አንድ ጊዜ ብቻ ለመነች። ከዚያ ኮምፒዩተሯን ከፍታ ለጉዞው መሪ ለዶክተር ላርስ ጻፈችለት። ዶክተር ላርስ ባሕር ሲመረምር ጢሙ የሸበተ የሰሜን አውሮፓ ሰው ነው። ቤተሰቤ ሊያነጋግርህ ይፈልጋል አለችው። ደስ ይለኛል፣ ሐሙስ በቪዲዮ እንገናኝ አላት። ምስኪን፣ ምን እንደሚጠብቀው አላወቀም።

ለወጉ አባትየውን የሚተካ ሽማግሌ ያስፈልጋልና ከትክል ድንጋይ አያ በላይ ተጠሩ። አያ በላይ የሟቹ ታላቅ ወንድም፣ አርማጭሆ ውስጥ ተራራ ሥር መሬት የሚያርሱ፣ ሦስት ጊዜ ካልተከራከሩ ሰላምታ እንኳ የማይቀበሉ ሰው ናቸው። ሐሙስ ከአውቶብስ እንደወረዱ «ይህማ አይሆንም» እያሉ ጋቢያቸውን አስተካክለው ሳሎን ገቡ። ኮምፒዩተሩ ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። እህቴ ነጠላዋን አጣፍታ አጠገባቸው ተቀመጠች። እኔ አስተርጓሚ ነኝ። ሰናይት የምትደበቅበት ስታጣ መጋረጃውን ተጠግታ ቆመች። ኔትወርኩ አንዴ መጣ፣ አንዴ ሄደ፣ በመጨረሻ ዶክተር ላርስ ከነጢሙ ብቅ አለ።

አያ በላይ ጢሙን ሲያዩ መነኩሴ መስሏቸው ይሁን አላውቅም፣ ብድግ ብለው አንቱ አሉት።

«እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎ ደኅና? ከብትዎ ደኅና? አዝመራው ሸጋ ነው?»

ተረጎምኩ። ዶክተሩ ግራ ተጋብቶ፣ ከብት የለኝም፣ አንድ ውሻ ግን አለኝ አለ። አያ በላይ ፊታቸው በሐዘን ተኮማተረ። «ምስኪን» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ለዚህ ነዋ በባሕር የሚንከራተት።» ይህንን አልተረጎምኩም። አስተርጓሚ ሁሉን አይተረጉምም።

መጀመሪያ ስለ ጭቃው ጠየቁት። ምን ያደርግላችኋል አሉት። ዶክተሩ ደስ አለው፤ ሳይንቲስት ስለ ጭቃው ሲጠየቅ እንደሚደሰት ሰው የለም። ከዚያ ባሕር ወለል ላይ የተኛው ጭቃ ከየትም የመጣ አይደለም፤ ብዙው ከእናንተ ተራራ በክረምት ጎርፍ ተጠርጎ፣ በዓባይና በገባሮቹ ተጉዞ፣ ለብዙ ሺህ ዘመን እዚያ የተጠራቀመ ነው አለ። ይህንን ስተረጉም አያ በላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«የእኛ ወንዝ አንገረብም እዚያ ነው የሚደርሰው?»

«አንገረብም እዚያ ነው የሚደርሰው፣ አያ» አለች ሰናይት ከመጋረጃው ሥር።

አያ በላይ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ከማሳቸው እየቆረሰ የሚወስድባቸው ሰው ናቸው። አያታቸው የተከሉት የድንበር ድንጋይ ዛሬ ገደል ውስጥ ነው ያለው። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ሲባል እሰማ ነበር» አሉ፣ «ለካ የእኔን እርሻ ይዞ ነው የሚዞረው።» ጥቂት አሰቡና ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ ቀሰሩ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ባለቤቱን ሳትጠይቁ ነው የምትቆፍሩት?»

ዶክተር ላርስ ይቅርታ ጠየቀ። እውነቴን ነው፣ ከልቡ ይቅርታ ጠየቀ። አያ በላይም ይቅርታውን ተቀብለው ወደ እህቴ ዞሩና «ትሂድ እንጂ። የአባቷን ርስት አይታልን ትምጣ» አሉ። ልጅቷን ሊያስቀሩ የመጡት ሰውዬ በአንድ አፍታ ጠበቃዋ ሆኑ። እህቴ ግን ከወንበሯ አልተነቃነቀችም። «ርስቱን ተወውና ዋሱን» አለችኝ።

ዋስ የሚለውን በእንግሊዝኛ ስፈልግ ያገኘኋቸው ቃላት ሁሉ የባንክና የፖሊስ ጣቢያ ሽታ ነበራቸው። በመጨረሻ ትቼው፣ ይህች እናት ልጇ ሳትመለስ ብትቀር የማንን በር እንደምታንኳኳ ማወቅ ትፈልጋለች አልኩት። ዶክተሩ ለካ ሸጋ ሰው ነው፣ አልሳቀም። መርከቡ ሙሉ ኢንሹራንስ አለው አለ።

«ኢንሹራንስ ልጅቱ ከጠፋች በኋላ ነው የሚከፍለን?» አሉ አያ በላይ። «እኛ የደም ካሳ አልጠየቅንም።»

ያሰማራን የምርምር ተቋም ትልቅና የታወቀ ነው አለ።

«ትልቅ ከሆነማ የባሰ ነው። ትልቅ ግቢ ዘበኛው አያስገባም።»

እንግዲያው ካፒቴኑ ዋስ ይሁን፣ ከእሱ የበለጠ ባሕር የሚያውቅ የለም አለ። አያ በላይ ይህን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «ልጄ» አሉት፣ አንቱታው እዚህ ላይ ቀረ፣ «ካፒቴኑ አብሯት መርከቡ ላይ ነው። አብሮ የሚሰምጥ ሰው ዋስ ይሆናል? ዋስ ማለት ደረቅ መሬት ላይ የሚቀር ነው።»

ዶክተር ላርስ ጢሙን አሻሸ። ከዚያ ከወንበሩ ተነሣና ከምስሉ ወጣ። ሰናይት መጋረጃው ሥር ዓይኗን ጨፈነች። በቃ፣ ጉዞዋ እዚያው ሳሎን ውስጥ አለቀ ብዬ አዘንኩ። ለልጅቱም አዘንኩ፣ ለእህቴም አዘንኩ። ጥቂት ቆይቶ ዶክተሩ አንዲት ባለ ነጭ ፀጉር አሮጊት ይዞ ተመለሰ። ሴትዮዋ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ፣ መነጽራቸውን እያስተካከሉ ቀረቡ። ከጉዞ በፊት ሁልጊዜ እናቴ ቤት መጥቼ እሰነብታለሁ፣ እናቴ ኢንግሪድ እኚህ ናቸው፣ ደረቅ መሬት ላይ የሚቀር ሌላ ሰው የለኝም አለ።

እህቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፊት ጠጋ አለች። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አስተካከለች። «ዋስ ትሆኚኛለሽ ወይ በላት።»

ልጃቸው ነገሩን በቋንቋቸው አስረዳቸው። እማማ ኢንግሪድ አሰቡበት። ከዚያ የመለሱትን ልጃቸው በእንግሊዝኛ ነገረኝ፤ ስሰማው ወሽመጤ ተቆረጠ። ልጅሽን እመልስልሻለሁ ብዬ ቃል ልሰጥሽ አልችልም፣ ባሕር እኔን አይሰማም ነው ያሉት። ልጄ በተሳፈረ ቁጥር እስኪመለስ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ይኸው አረጀሁ፣ አልለመድኩትም።

አሁን እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ሦስት ሰው አፌን አፌን ያያል። «አይዞሽ፣ ምንም ችግር የለም ብለዋል» ብዬ ብተረጉም ማን ያውቅብኛል? ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ሰናይት እንግሊዝኛ ታውቃለች፤ መጋረጃው ሥር ሆና ታየኛለች። በእናቷ ፊት ውሸት ይዛ እንድትሳፈር ማድረግ አልሆንልኝ አለ። እንዳለ ተረጎምኩት።

አያ በላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይቺማ እሷም ፈርታለች። የፈራ ሰው ምን ዋስ ይሆናል?»

«ተወኝ፣ አያ በላይ» አለች እህቴ። «ለወንድምህ እንቅልፍ የሚያጣለት አንድ ሰው በዚያ በኩል ቢኖር ኖሮ እንዲያ ሆኖ አይቀርም ነበር። እሷ ናት ዋሴ። ተቀብያለሁ በላት፣ ፈንታ።»

እንዳለችው ተረጎምኩ። እዚያ ማዶ እማማ ኢንግሪድ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ነገር ያበቃ መስሎኝ ኮምፒዩተሩን ልዘጋ ስል ሴትዮዋ እጃቸውን አነሡ። ጥያቄ አላቸው። ይህ ልማድ በጣም ደስ ብሎኛል፣ ታዲያ ለእኔ ልጅ ዋሱ ማነው አሉ።

ይህንን ስተረጉም እህቴ ተነሥታ ቆመች። ቆማ ሳያት፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ዳኛ ፊት የቀረበች ነው የምትመስል። «እኔ ነኛ» አለች። «ሚካኤል ምስክሬ ነው፣ እኔ እንጉዳይ ዋሱ ነኝ።» አያ በላይም ደንቡን ስለሚያውቁ፣ እኔንና ራሳቸውን ምስክር አድርገው ጉዳዩን ዘጉት። በዚያ በኩልም ምስክር ይኑር ሲሉ ዶክተሩ ከሰው ማንም የለም፣ ውሻው ብቻ ነው አለ። ውሻው ተጠርቶ ታየ፤ አያ በላይ ብዙ ካዩት በኋላ አልተቀበሉትም።

ቅዳሜ ሰናይት ተመረቀች። እህቴ እጇን ዘርግታ «ወጥተሽ ግቢ፣ ውሃው መንገድ ይሁንሽ» ስትላት ልጅቱ ጉልበቷ ላይ ወድቃ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፤ አያ በላይ አቧራ ዓይናቸው ውስጥ ገባ። አዘዞ አየር ማረፊያ የሸኘናት በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ሽሮ በሞላ ሻንጣ ነው። ልብስ እንደያዘች አላስታውስም።

መርከቡ ተነሣ። ጥቂት ቀን ድምፅዋ ጠፋ። እህቴ በዚያን ሰሞን ያስደወለችኝን ልቁጠር ብል አልዘልቀውም፤ ለልጇ አይደለም፣ ለእማማ ኢንግሪድ ነው። እማማ ኢንግሪድ ለዚህ የሚበቃ ስብርባሪ እንግሊዝኛ አያጡም፤ ሁለቱ ባልቴቶች እኔን መሐል አስቀምጠው «ተኝተሻል?» «አልተኛሁም፣ አንቺስ?» «እኔም» ይባባላሉ። በሁለት አገር ሁለት ሴቶች እንቅልፍ ማጣታቸውን ለመነጋገር ሦስተኛ ሰው እንቅልፍ ያጣል። ያ ሰው ማን እንደሆነ አልነግራችሁም።

ከዚያ መርከቡ ዕቃ ሊጭን አንዲት ደሴት ወደብ ላይ ቆመና ሰናይት ደወለች። ምስሉ ሲመጣ ደነገጥኩ። ልጅቱ ከስታ፣ ፊቷ ገርጥቶ፣ ከንፈሯ ደርቋል። ማዕበሉ ከተነሣ ጀምሮ የበላችው ሁሉ አልቀመጥ ብሏታል። «እማ» አለች፣ እንባዋ እየወረደ፣ «ልክ ነበርሽ። ባሕር ለእኛ አይሆንም። ከዚህ አውሮፕላን አለ፣ ዛሬ ወርጄ ልምጣ።»

እኔ በልቤ ተመስገን አልኩ። እህቴ ያን ሁሉ ቀን ስትጸልይ የከረመችው ይህንን ለመስማት ነው ብዬ አሰብኩ። ነይ ልትላት ነው፣ እልልም ልትል ትችላለች። ዞር ብዬ ሳያት ግን ፊቷ ተቆጥቷል።

«ምን ሆነሻል አንቺ? እኔኮ በሰው ልጅ ዋስ ገብቻለሁ። አንቺ ጥለሽው ብትመጪ ያ ልጅ እንዴት እንዳለ ማን ይነግረኛል? እናቱ ስትጠይቀኝ ምን ልበላት? ልጄን ሆዷን ቢያማት ልጅሽን ባሕር ላይ ትታው መጣች ልበል?»

«እማ፣ እሱኮ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ባሕር ላይ ነው የኖረው።»

«ለእናቱ ልጅ ነው። ሎሚ ሽተቺ፣ በሶውን በጥብጠሽ ቀስ እያልሽ ጠጪ። ደግሞ ሄደሽ እዪውና ንገሪኝ፣ ምሳ በልቷል?»

ሰናይት እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ «እሺ እማ፣ አየዋለሁ» አለችና ስልኩ ተዘጋ። እህቴ ያን ጊዜ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እኔም አጠገቧ ቁጭ አልኩ። በኋላ ፊቷን ጠራረገችና ስልኩን ወደ እኔ ገፋችው።

«በል ለኢንግሪድ ደውልልኝ።»

«ምን ልበልልሽ?»

«ዛሬ ተኚ በላት። ልጄን አጠገቡ አቁሜልሻለሁ በላት።»